ለመንገድ የሚያስተኛ ሽሮፕ የለኝም

ዛሬ ከሰዓት አንድ አባወራ መድኃኒት ቤታችን ገባ። ከኋላው እናቱ፣ በእናቱ ጀርባ የታዘለ ሕፃን፣ ከእነሱ ኋላ ሁለት ልጆች፤ ሰልፍ ነው። «ዶክተር፣ ከነገ ወዲያ ሌሊት ወደ አዲስ አበባ ልንነሣ ነው። ለዚህ ለትንሹ የሚያስተኛ ሽሮፕ ይስጡን» አለኝ። (ዶክተር አይደለሁም፤ ፋርማሲስት ነኝ። ባንኮኒ ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፤ ማረሙን ከተውኩት ቆይቷል።)

«ምን ነካው?»

«ኧረ ደኅና ነው! መንገድ ላይ እንዳያስቸግር ነው እንጂ። ቲክቶክ ላይ አንድ ባለሙያ ፕሮሜታዚን ስጡት ብሏል፤ ለመሳፈር ግማሽ ሰዓት ሲቀር።»

ልጁ ዓመት ከሦስት ወሩ ነው።

ቪዲዮውን አሳየኝ። ባለሙያ ተብዬው ጋዋን ለብሶ፣ አንገቱ ላይ ማዳመጫ አንጠልጥሎ፣ ከኋላው ሙዚቃ ለቆ፣ «ወላጆች ሆይ፣ ምስጢሩን ልንገራችሁ» ይላል። ምስጢር! አልሸጥኩለትም። አባትየው «ገንዘብ ይዤ እኮ ነው የመጣሁ» ብሎ ተቆጥቶ ወጣ። ወደ ታች ወርዶ ሌላ ቦታ እንደሚገዛ አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው እየቸኮልኩ የምጽፈው። ፊደል ብስት እለፉኝ።

መጀመሪያ ግን ጉዞውን አልተቃወምኩም፤ እንዲያውም ደስ ብሎኛል። የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ሸጦ፣ የመንፈቀ ዓመቱን ዕረፍት ጠብቆ፣ እናቱንም ልጆቹንም ይዞ መውጣቱ ያስመሰግነዋል። አንድነት ፓርክ ገብተው ጥቁር ጎፈር ያላቸውን አንበሶች ሊያዩ፣ ቦራ መዝናኛ ፓርክ ሄደው ልጆቹ ሊሽከረከሩ፣ ከዚያ እንጦጦ። እንጦጦ ላይ ዕቅዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ልጆቹ ወደ ፓርኩ፣ አያትየዋ ወደ ኪዳነ ምሕረት ጠበል። ከሦስት ትውልድ ጋር መዝናናት ማለት ይኸው ነው፤ አንዱ ለዥዋዥዌ፣ አንዱ ለጠበል፣ አንዱ ሒሳብ ለመክፈል።

እሺ፣ ወደ ነገሬ።

1. ፕሮሜታዚን ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም። «ትንሽ ብቻ»ም የለም፣ «ግማሽ ማንኪያ»ም የለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2004 እ.ኤ.አ. መድኃኒቱ ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ክልክል እንዲሆን ወስኖ ከባድ ማስጠንቀቂያ ያስለጠፈበት፣ ትንፋሻቸው ቆሞ የሞቱ ሕፃናት ስለነበሩ ነው። እነዚያ ሕፃናት የወሰዱት መጠን ደግሞ አንድ ዓይነት አልነበረም፤ ከፍም ያለ፣ ዝቅም ያለ ነበር። ስለዚህ «ይህን ያህል ከሆነ አይጎዳውም» ብሎ የሚነግራችሁ ሰው ከየት እንዳመጣው ጠይቁት። ይህ ከተጻፈ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ ዛሬም ከቲክቶክ እንማራለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮሜታዚን መጥፎ መድኃኒት አይደለም፤ ለአለርጂ፣ ለትውከት፣ በትክክለኛው ዕድሜና መጠን ሁልጊዜ የምናድለው ነው። ማስተኛቱ ግን ዋና ሥራው ሳይሆን የጎንዮሽ ውጤቱ ነው። አንጎልን ያደነዝዛል፤ ሕፃን ላይ ሲሆን ትንፋሽ የሚያዘውን ክፍል ጭምር። የሕፃን የአየር ቧንቧ ጠባብ ነው፤ አንገቱ ወደ ፊት ሲደፋ ራሱ ይታጠፋል። ደኅና ሕፃን ሲታፈን ይነቃል፣ ይንፈራገጣል፣ ያለቅሳል። ያ ለቅሶ ነው የሚያድነው። እናንተ ሽሮፕ ሰጥታችሁ የምትወስዱበት እሱኑ ነው።

አሁን ደግሞ አውቶቡሱን አስቡት። ልጁ በጋቢ ተጠቅልሏል። ከኛ ከተማ ከእንጅባራ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ቡሬን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ደብረ ማርቆስን አልፎ ደጀን ላይ ወደ ዓባይ በረሃ ይወረዳል። የኛን ደጋ ለምዶ የመጣ ሰው እዚያ ሲደርስ ኮቱን ያወልቃል። ሕፃኑን ግን ማንም አይገልጠውም፤ «ተኝቷል፣ አትንኩት»። ፕሮሜታዚን ላብ እንዳይወጣ ያደርጋል፤ ሰውነት ደግሞ የሚቀዘቅዘው በላብ ነው። መስኮት? መስኮትማ አይከፈትም! ተሳፋሪው ሁሉ «ንፋስ ይመታናል» ይላል። ሰው እያስታወከ፣ ሕፃን እየጋለ፣ መስኮት ከፍቶ ሞተ የተባለ ሰው ሳላይ፣ እኛ አገር መስኮት እንደ ጠላት ይዘጋል። እንግዲህ ደንዝዞ፣ ግሎ፣ አንገቱ ተደፍቶ ያለ ልጅ ጎሃ ጽዮን ሲደርስ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው፣ አንዴም አላለቀሰ» ይባላል።

የሚገርመው፣ ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃንን መኪና እምብዛም አያስታውከውም። በብዛት የሚያስቸግራቸው ከሁለት እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያሉት ናቸው። ማለትም አባትየው መድኃኒት የፈለገለት ልጅ ከሦስቱ መድኃኒት የማያስፈልገው ነው። መድኃኒቱ የልጁ አይደለም፤ የአባትየው ነው። ደግሞ ሌላ ነገር ልንገራችሁ፤ አንዳንድ ልጅ ፕሮሜታዚን ሲሰጠው በመተኛት ፋንታ ይቅበጠበጣል፣ ይጮኻል፣ እጅ እግሩን መያዝ ያቅታል። ደብረ ማርቆስ ሳትደርሱ ምስጢሩ ይጋለጣል።

አያትየዋን ሳልጠቅስ አላልፍም። እኔ ከልጇ ጋር ስጨቃጨቅ በአገውኛ «አዝየው እሄዳለሁ አላልኩህም?» ብላ ስትቆጣው ሰማኋት። ከዚያ የቲክቶክ ጋዋን ለባሽ ይልቅ እሷ ሐኪም ናት። ጀርባ ላይ የታዘለ ልጅ ሙቀቱም ትንፋሹም ለአዛዩ ይሰማል። ስትቀመጥ ወደ ፊት አዙራ ታቅፈው፤ ወደ በረሃው ሲወረድና ሲወጣ ጆሮው ስለሚደፈን እናቱ አብራ ከተጓዘች ጡት ትስጠው፣ እየዋጠ ይከፈትለታል። ካለቀሰ ያልቅስ። አውቶቡስ ውስጥ ሕፃን ያለቅሳል፤ ተሳፋሪ ይችለዋል፤ ያልቻለ ሙዚቃውን ይቀንስ።

2. ፕላዚል። ይህን ደግሞ ለመካከለኛዋ ልጅ ጠየቀኝ፣ አምስት ዓመቷ ነው። ፕላዚል (ሜቶክሎፕራማይድ) ለመኪና ማስታወክ እምብዛም አይሠራም። ልጆች ላይ ደግሞ አንገትና መንጋጋን ሊያጣምም፣ ዓይንን ወደ ላይ ሊሰቅል ይችላል። ያየ ሰው ዛር ነው፣ ቡዳ ነው ብሎ ወደ ሌላ ቦታ ይሮጣል። አውሮፓውያኑ በ2013 እ.ኤ.አ. ከአንድ ዓመት በታች እንዳይሰጥ ከልክለዋል፤ ከዚያ በላይ ላሉትም አጠቃቀሙን አጥብበዋል። የሚያስታውካት ከሆነ ፊት ወንበር፣ ወደ ሩቅ ማየት፣ ቀለል ያለ ቁርስ፣ ስልክ ላይ ካርቱን አለማየት። ስልኩ ነው ዋናው ጠላት፤ ዓይኗ «ቆሜያለሁ» ሲል ጆሮዋ «እየተወዛወዝኩ ነው» ይላል፣ አንጎሏ ሁለቱን ማስታረቅ ሲያቅተው ትውከት። ሎሚ ወይም ጤና አዳም ማሽተት አይጎዳም። ፌስታል አትርሱ። ለእሷ ዕድሜ የሚሆን መድኃኒት የለም አላልኩም፤ ግን በኪሎዋ ይሰላል፣ ልጅቷን አምጥታችሁ ነው፣ በቪዲዮ አይደለም። ሲሰጣትም ከጠርሙሱ ጋር በሚመጣው መለኪያ። የቤት የሻይ ማንኪያ መለኪያ አይደለም! አንዱ ቤት ማንኪያ የሌላው እጥፍ ይይዛል።

3. የአያት ቦርሳ። አያትየዋ ግፊት አለባት። የምትወስደውን ስጠይቃት «የሽንቱን ኪኒን ትቼዋለሁ፣ አውቶቡስ አይቆምልኝም» አለች። ሌላውንም አብራ ትታዋለች፤ «ጉዞ ስለሆነ»። ምን ልበላት? እውነቷን ነው፣ አይቆምላትም። የሚቆምበት ቦታ ያለው መጸዳጃ ቤት ደግሞ ለሰባ ዓመት ሴት የሚገባ አይደለም። ሰዓቱን ስለመቀየር የሚከታተልሽን ባለሙያ ጠይቂ፣ የቀረውን አትተዪ፣ ውኃ አትቁረጪ፣ ሲቆም ወርደሽ ተራመጂ አልኳት። ምክሩ ልክ ነው። መንገዱ ግን ምክሩን አይቀበልም።

ስኳር ያለበት አያት ካላችሁ፦ ኢንሱሊን ፖርቶ መጋላ ላይ አይጫንም፣ ክሩስኮት ላይ ፀሐይ እንዲመታው አይቀመጥም። በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ የሸክላ ዕቃ ውስጥ፣ ውኃ እንዳይገባበት በላስቲክ አስራችሁ፣ በእጅ። በረዶ ቢኖራችሁ በቀጥታ አይነካው፤ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም፣ ይጣላል። የተከፈተ ብልቃጥ ከሙቀት ከተጠበቀ 28 ቀን ያህል ይቆያል፤ ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ጉዞ አትጨነቁ።

ዳዎኒል (የስኳር ኪኒን) የሚወስዱ ጾመኞችም አሉ። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ ኪኒኑን በባዶ ሆድ ውጠው እንጦጦ ዳገት የሚወጡ እናቶች። ይህ ስኳርን እስከ መውደቅ ያወርዳል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የንግግር መዛባት ካያችሁ ጣፋጭ ስጧቸው፣ ወዲያው፣ ጾም ነው ሳትሉ። መነኩሴ ብትጠይቁም ይህንኑ ነው የሚላችሁ።

መጫወቻዎቹን በተመለከተ ሙያዬ አይደለም፤ ግን ያየሁትን ልናገር። ባለፈው ዓመት የእህቴን ልጆች ይዘን አባቴም አብሮን አዲስ አበባ አንድ መጫወቻ ቦታ ገብተን ነበር፤ ስሙን አልጠራም። የቁመት መለኪያ እንጨት በሩ ላይ ተተክሏል። ልጅየው አልደረሰም። አስተናጋጁ «ግዴለም፣ ጨምሩና ይግባ» አለ። ግዴለም! ያ እንጨት የተተከለው ለጌጥ አይደለም። ጭኑ ላይ የሚወርደው ብረት የተሠራው ለተወሰነ ሰውነት ነው፤ ትንሽ ልጅ ከሥሩ ሾልኮ ይወጣል። ዕድሜው ስንት ነው ሳይሆን ቁመቱ ስንት ነው የሚባለው ለዚህ ነው። እኛም አላስገባነውም፣ ግማሽ ቀን አለቀሰ። አባቴን ደግሞ የሚሽከረከረው የፕላስቲክ ፈረስ ላይ ከልጅ ልጁ ጋር ሲቀመጥ «አባባ፣ እንዳይወድቁ አጥብቀው ይያዙ» አሉት። አባቴ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባል ነው፤ ጥር 23 በመጣ ቁጥር እንጅባራ ሜዳ ላይ ፈረስ የሚጋልብ ሰው። ምንም አልመለሰም። ሲወርድ ብቻ ፈረሱን ጀርባው ላይ መታ መታ አደረገው።

ወደ ሽሮፑ ልመለስ፤ ማንን ነው የምወቅሰው? አባትየውን አይደለም። ማን ነገረው? የመድኃኒቱ ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛ የለው፣ አገውኛማ አይታሰብ። ጽሑፉን ማንበብ ቢችል እንኳ «ከሁለት ዓመት በታች» የሚለው በሩዝ ፍሬ ፊደል ተጽፎ ስምንት ጊዜ ከታጠፈ ወረቀት ውስጥ ነው ያለው። የመድኃኒት አጠቃቀም ሥልጠና ሆቴል ውስጥ ይሰጣል፣ አበል ይከፈላል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ፎቶ ይነሣል። ባነሩም በእንግሊዝኛ! ሥልጠናውን የወሰድነው ደግሞ እኛው፣ ቀድሞውኑ የምናውቀው። የጤና አዋጁ አለ፣ ስለ ምግብና መድኃኒት አስተዳደር የወጣው 1112/2011 አለ፤ አዋጅ ግን ገበያ ቀን ባንኮኒ ላይ አይቆምም። ባንኮኒው ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። «አይሸጥም» ስል ደንበኛ አጣለሁ፤ ከታች ያለው ጎረቤት «ይኸው» ይላል፤ ምሽት ላይ እኔ ግትር፣ እሱ አዋቂ ይባላል።

የባለ ቲክቶኩ ነገር ግን ያንገበግበኛል። የአምስት ዓመት ትምህርት፣ የሌሊት ንባብ፣ የሥራ ልምምድ ያስከፈለንን ሙያ በ40 ሰከንድ ሙዚቃ ይረግጠዋል። ጋዋኑን ከየትም ይግዛው፣ ግድ የለኝም። ግን ያን ቪዲዮ ከተመለከቱት ውስጥ ስንቱ ነው ነገ ሕፃን ይዞ የሚሳፈረው?

ሽሮፑን ቀድማችሁ ሰጥታችሁ ከሆነና ልጁ ስትነኩት ካልነቃ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም ከተቆራረጠ፦ ጋቢውን ግለጡ፣ በጎኑ አድርጋችሁ አገጩን ቀና አድርጉ፣ ሹፌሩን አስቁሙና ቅርብ ባለው ጤና ጣቢያ አስገቡት። ጠርሙሱን ይዛችሁ ግቡ። ውኃ ወይም ወተት አፉ ላይ አታፍስሱ።

ወንድሜ፣ ይህን የሚያነብልህ ሰው ካለ፦ ሽሮፑን ከሌላ ቦታ ገዝተህ ከሆነ አምጣልኝ፤ የሸጥኩት እኔ ባልሆንም ዋጋውን ከኪሴ እከፍልሃለሁ። ነገ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት አለሁ።