ደብል ጋቢና ወይስ ሲንግል?

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ፒክአፕ መኪና ነው። ሞጆ ላይ መኪና ብርቅ አይደለም፤ ከጂቡቲ የሚመጡት ተሳቢዎች ወደ ደረቅ ወደቡ ሲገቡ ሁላችንም እናያለን። እኔ ግን የማወራው ሰሞኑን እኛ ቤት እራት ላይ ስለሚያጨቃጭቀው ስለ ቶዮታ ሃይሉክስ ነው።

አጎቴ ቆቃ አካባቢ መሬት ተከራይቶ ሽንኩርት ያመርታል። አምና ሽንኩርቱ ተነቅሎ ጆንያ ውስጥ ከገባ በኋላ ዝናብ ጣለ። የተከራየው አይሱዙ ሹፌር «እዚህ መረሬ ውስጥማ አልገባም» አለ። በአህያ ጋሪ አስፋልት እስኪደርስ ሦስት ቀን ፈጀ፤ ግማሹ በሰበሰ። ከዚያ ወዲህ አጎቴ ያገለገለ ፒክአፕ ካልገዛሁ እያለ ነው።

ሰፈራችን ያሉትን መካኒክ ጠየቅኳቸው። ሃይሉክስ ከሥሩ ጠንካራ ሻንሲ፣ ከኋላው ደግሞ ባሌስትራ አለው። ከመሬት ከፍ ስለሚል ድንጋይ ቶሎ አይነካውም። አራቱም ጎማ የሚስበው ዓይነት ከሆነ፣ የኋላዎቹ ጭቃ ላይ ቢሽከረከሩ የፊቶቹ ይጎትቱታል። (ሁሉም ሃይሉክስ እንዲህ አይደለም፤ ስትገዙ ጠይቁ!)

ችግሩ ጭነት ላይ ነው። የሚችለው ወደ 1 ቶን፣ ማለትም 10 ኩንታል ነው። ውስጥ የተቀመጡት ሰዎችም ከዚያው ላይ ይቆጠራሉ። ስለዚህ 40 ኩንታል ሽንኩርት ቢያንስ 4 ጊዜ ያመላልሳል፣ ናፍጣውም 4 ጊዜ! አይሱዙ ግን አንዴ ጭኖት ይሄዳል። አንዳንዶች ፒክአፕ ላይ 15 ኩንታል ይጭናሉ። ያኔ ኋላው ይረግጣል፣ ፊቱ ይነሳል፣ መሪው ይቀላል፤ ፍሬን ሲያዝም ራቅ ብሎ ነው የሚቆመው።

እኔን የገረመኝ ባዶውንም ጥሩ አለመሆኑ ነው። ባሌስትራው ለጭነት ስለተሠራ ባዶ ሲሆን ያዘልላል። በሳይንስ እንደተማርነው ክብደት ሲቀንስ ሰበቃም ይቀንሳል፤ ስለዚህ እርጥብ አስፋልት ላይ የኋላ ጎማው በቀላሉ ይንሸራተታል።

አሁን ወደ ጭቅጭቁ ልመለስ። አባቴ «ሲንግል ጋቢና ይሁን» ይላል። የሲንግሉ መጫኛ ርዝመቱ ከ2 ሜትር ይበልጣል፤ የደብሉ ግን ወደ 1 ሜትር ተኩል ስለሆነ ጆንያው ወደ ላይ ይቆለላል፣ ኩርባ ላይም ያወዛውዛል። የአጎቴ ሚስት ግን «ልጆቼ ሽንኩርት ላይ ተቀምጠው አይሄዱም» አለች። ሦስት ልጆች አሏት። ደብሉ ደግሞ አምስት ሰው በቀበቶ ይይዛል።

እኔ መጀመሪያ ከአባቴ ጋር ነበርኩ። አሁን ግን ደብሉ ይሻላል እላለሁ። ፒክአፑ ሽንኩርቱን ከማሳው እስከ አስፋልቱ ብቻ ካወጣልን ከዚያ በኋላ አይሱዙ መከራየት ይቻላል፤ መንገዱ አጭር ስለሆነ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ መጫንም አይጎዳም። ለልጆቹ ግን ሌላ መኪና የለም። አባቴ ሰምቶኝ «ናፍጣውን አንተ ትከፍላለህ?» ብሎ ሳቀ።

እሑድ አዳማ አንድ መኪና ልናይ እንሄዳለን። መጫኛውን ለመለካት የአናጢውን ሜትር ተውሻለሁ።