ተመኑን ማን ደበቀው?

ሰሞኑን ደግሞ አዲስ ወሬ መጥቷል። ባንኮች የዕለቱን የውጭ ምንዛሪ ተመን «ከሮቦት መደበቅ ጀምረዋል» ይባላል። ማስረጃው ምንድን ነው ሲባል የሚወጣው አንድ ፎቶ ነው፤ ጥቁር መደብ ላይ በቀይ የተጻፈ የስህተት መልእክት። ታሪኩ ሲነገር እንዲህ ነው። አንድ ወጣት ፕሮግራመር በየጠዋቱ ተመን የሚለቅምለት ስክሪፕት ይጽፋል። ስክሪፕቱ ሰንጠረዡን ፈልጎ «አላገኘሁም» ይለዋል። ልጁ ያንኑ ገጽ በእጁ ሲከፍተው ግን ቁጥሮቹ ተደርድረው ይጠብቁታል። ለሰው ይታያል፣ ለማሽን አይታይም፤ እንግዲያው ሆን ተብሎ ተደብቋል ማለት ነው! ይህ ድምዳሜ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰንብቶ «ግልጽነት የጎደለው አሠራር» የሚል ርእስ ወጣለትና ዜና ሆኖ አረፈው።

ፎቶውን ያሠራጩት ሰዎች መልእክቱን ቢያነቡት ኖሮ ዜናው እዚያው ይሞት ነበር። «ኖ ሰች ኤለመንት» የሚለው ስህተት ስለ መደበቅ፣ ስለ መከልከል፣ ስለ ሮቦት የሚናገረው ነገር የለውም። የሚለው ይህን ብቻ ነው፦ በጠየቅኸኝ ቅጽበት፣ ፈልግ ባልኸኝ ቦታ፣ በሰጠኸኝ መግለጫ የሚገለጽ ነገር አልነበረም። ቅጽበት፣ ቦታ፣ መግለጫ። ከሦስቱ አንዱ ሲሳሳት መልሱ ይኸው ነው፤ ባንኩ ምንም ሳያደርግ።

ተመን መልቀም እንዲህ መስፋፋቱ አያስገርምም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ እያንዳንዱ ባንክ የራሱን ዋጋ ይለጥፋል፤ ማወዳደር ለአስመጪውም፣ ዘመዱ ከውጭ ገንዘብ ለሚልክለትም ትርጉም አለው። በየገጹ እየዞሩ በእጅ መገልበጥ ስለሚያሰለች ሥራው ብራውዘርን በራሱ ለሚያንቀሳቅስ መሣሪያ ይሰጣል። ብዙ ሰው የሚይዘው ሴሊኒየምን ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ጄሰን ሃጊንስ ቺካጎ ውስጥ ቶውትወርክስ በተባለ ኩባንያ ሲሠራ የጀመረው ነው። (ስሙ ቀልድ ነው። በጊዜው ሜርኩሪ የሚባል ኩባንያ ተመሳሳይ መሣሪያ ይሸጥ ነበርና፣ ሴሊኒየም የሜርኩሪን መርዝ ያረክሳል ከሚለው የተወሰደ።) ዛሬ የሚሠራበት ዌብድራይቨር የተባለው ደንብ እ.ኤ.አ. በ2018 ዓለም አቀፍ የድር ስታንዳርድ ሆኗል። ማይክሮሶፍት በ2020 ያወጣው ፕሌይራይትም አለ። ስለ መሣሪያዎቹ ይህ ይበቃል፤ ነገሩ ያለው ቅጽበቱ ላይ ነው።

ስክሪፕቱ «ይህን አድራሻ ክፈት» ሲል ብራውዘሩ አድራሻውን ይከፍትና «ተጭኗል» ብሎ ይመልሳል። ይህች «ተጭኗል» የምትባለው መልስ ናት ሰውን የምታሳስተው። ብራውዘሩ እንዲህ የሚለው ከሰርቨሩ የመጣው የኤችቲኤምኤል ሰነድ፣ በሰነዱ የተጠቀሱት ምስሎች፣ የቅርጽ ፋይሎችና ፕሮግራሞች ሲደርሱት ነው። ድሮ ይህ በቂ ነበር፤ ሰርቨሩ ሰንጠረዡን ሞልቶ፣ አስውቦ፣ አንድ ላይ ይልከው ነበርና። የዛሬው ገጽ ግን ብዙ ጊዜ ባዶ ቅርፊት ሆኖ ይመጣል። ሰነዱን ብትከፍቱት አንድ ባዶ ሳጥንና አንድ የጃቫስክሪፕት ፋይል ታገኙ ይሆናል እንጂ አንዲት ቁጥር የለችበትም። ብራውዘሩ ሳጥኑንና ፋይሉን ተቀብሎ «ጨርሻለሁ» ይላል፤ አልዋሸም። ጃቫስክሪፕቱ ግን ሥራውን ገና መጀመሩ ነው። ወደ ሌላ ሰርቨር ዞሮ «የዛሬውን ተመን ላክልኝ» ብሎ ይጠይቃል፣ መልሱን ይጠብቃል፣ ሲመጣለት ረድፍና ዓምድ እየሠራ ሳጥኑ ውስጥ ያስገባል።

በ«ጨርሻለሁ» እና በሰንጠረዡ መታየት መካከል ያለው ጊዜ የሰከንድ ሽራፊ ሊሆን ይችላል፤ ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍ ደግሞ ብዙ ሰከንድ። ስክሪፕቱ ጥያቄውን የሚያቀርበው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ሴሊኒየም ካልተነገረው በቀር አይጠብቅም፤ ከፋብሪካ ሲወጣ የተሰጠው የትዕግሥት መጠን 0 ሰከንድ ነው። ንጋት 11 ሰዓት ላይ መርካቶ ተልኮ ሱቆቹ ዝግ ሆነው ሲያገኛቸው «መርካቶ ውስጥ ሱቅ የለም» ብሎ የተመለሰ መልእክተኛ ብታስቡ ያ ነው። ያየውን ነው የተናገረው። ጥፋቱ የላኪው ነው፤ ሰዓት አልነገረውም።

አሁን እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ነገር ይመጣል። የአንድ ገጽ ጃቫስክሪፕት በመሠረቱ በአንድ ክር ላይ ነው የሚሄደው፤ አንዱን ሥራ ሳይጨርስ ሌላውን አይጀምርም። የእኛ ፍለጋም የሚካሄደው እዚያው ገጽ ውስጥ በመሆኑ ተራውን ይጠብቃል። ገጹ ሰንጠረዡን እየሠራ እጁ ከተያዘ መልሳችን ይዘገያል፤ ስንደርስም ሰንጠረዡ አልቆ ይቆየን ይሆናል። ገጹ ግን ተመኑን ከሩቅ ሰርቨር አዝዞ እየጠበቀ ከሆነ ክሩ ሥራ ፈት ነው። ያኔ ፍለጋችን ወዲያውኑ ተስተናግዶ «የለም» የሚል መልስ በቅጽበት ይመለሳል። ውሂቡ በሌለበት ሰዓት ነው ብራውዘሩ በጣም ቀልጣፋ የሚሆነው። ኮምፒውተራችሁ በፈጠነ፣ ኔትወርካችሁ ባዘገመ ቁጥር ስህተቱ ይበዛል። ቢሮ ውስጥ ሲሠራ የዋለ ስክሪፕት ማታ ቤት ሲወሰድ የሚወድቀው፣ ወይም አንድ ቀን ሠርቶ በማግስቱ የሚያምፀው በዚህ ምክንያት ነው። ስህተቱን ለማጥናት ብላችሁ መስመር በመስመር ስታስኬዱት ደግሞ ይጠፋል፤ እናንተ መስመሩን እስክታነቡ ገጹ ይሞላልና። በእጁ የከፈተው ልጅ ቁጥሮቹን ያየውም የሰው ዓይን ከገጹ ይልቅ ዘገምተኛ ስለሆነ ነው እንጂ ባንኩ ፊቱን አይቶ ስላዘነለት አይደለም።

ይህን ለራስ ማረጋገጥ ቀላል ነው። ብራውዘር ላይ «የገጹን ምንጭ አሳይ» የሚለው ሰርቨሩ የላከውን ሰነድ ያሳያል፤ «መርምር» የሚለው ደግሞ ጃቫስክሪፕቱ ሠርቶ ሠርቶ አሁን የደረሰበትን ሕያው ገጽ። የመጀመሪያው ላይ የሌለ ሁለተኛው ላይ ያለ ነገር በአብዛኛው ዘግይቶ የመጣ ነው።

መድኃኒቱ ምንድን ነው? በየቦታው የሚመከረው «10 ሰከንድ አስተኛው» የሚል መስመር መጨመር ነው። እባካችሁ ተዉት። ገጹ በ1 ሰከንድ ሲሞላ 9ኙን በከንቱ ታቃጥላላችሁ፤ 11 ሰከንድ ሲፈጅበት ደግሞ ያው ትወድቃላችሁ። ሁነኛው መንገድ ሁኔታን መጠበቅ ነው። ሴሊኒየም ዌብድራይቨርዌይት የሚባል ግልጽ ጥበቃ አለው፤ ሌላ ካልተነገረው በቀር የተባለውን ሁኔታ በየግማሽ ሰከንዱ እየጠየቀ፣ እንደተሟላ ወዲያው ይቀጥላል፤ ገደቡ ካለፈ ብቻ ይወድቃል። ሌላ፣ አንዴ ተነግሮት ለሁሉም ፍለጋ የሚያገለግል ስውር ጥበቃም አለ። ሁለቱን አትቀላቅሉ። የሴሊኒየም ሰነድ ራሱ ያስጠነቅቃል፦ 10 ሰከንድ ስውር ጥበቃና 15 ሰከንድ ግልጽ ጥበቃ ሲደባለቁ ከ20 ሰከንድ በኋላ ሊወድቅ ይችላል ይላል።

ጠብቁ ሲባልም ምንን? ኤለመንቱ (የምንፈልገው የገጹ ክፍል) ገጹ ውስጥ መኖሩ አንድ ነገር ነው፣ መታየቱ ሌላ፣ ሊጫን የሚችል መሆኑ ደግሞ ሌላ። አንዳንድ የተመን ገጽ ላይ ሰንጠረዡ ቀድሞ በሰረዝ ተሞልቶ ይቀመጥና ቁጥሮቹ ኋላ ይተኩታል። ሰንጠረዡን የጠበቀ ስክሪፕት ሰንጠረዡን ያገኛል፤ ይዞ የሚመለሰው ግን ሰረዝ ነው። ይህ ከስህተቱ ይብሳል፤ ማንም ሳያውቅ ባዶ ተመን ፋይል ውስጥ ይገባልና። የዶላር ረድፍ ውስጥ አኃዝ እስኪታይ ነው መጠበቅ ያለበት። ፕሌይራይት ቁልፍ ከመጫኑ በፊት ራሱ ስለሚጠብቅ «ችግሩ ተፈታ» የሚሉ አሉ። ለመጫን እውነት ነው፤ «ስንት ረድፍ አለ?» ብላችሁ ስትቆጥሩበት ግን አይጠብቅም፤ 0 ብሎ በልበ ሙሉነት ይመልሳል።

ቅጽበቱ ተስተካክሎ አሁንም «የለም» ካለ ቦታውን መርምሩ። ተመኑ ከሌላ ገጽ ተቆርሶ በአይፍሬም ውስጥ የተሰካ ከሆነ ለዓይን አንድ ገጽ ነው፤ ለመሣሪያው ግን ሰነድ ውስጥ ያለ ሌላ ሰነድ ነውና ወደ ፍሬሙ ግባ ካልተባለ አይገባም፤ ከገባ በኋላም ውጣ ካልተባለ አይወጣም። ሻዶው ዶም የሚባለው አጥርም አለ፤ በኤክስፓዝ፣ ማለትም ወደ ኤለመንቱ የሚወስደውን መንገድ በመግለጽ፣ የሚደረግ ፍለጋ ይህን አጥር አይሻገርም። ሊንክ ሲጫን አዲስ ታብ ከተከፈተም መሣሪያው አሮጌው ላይ ቀርቶ ይፈልጋል። በሄድለስ፣ ማለትም መስኮት ሳይታይ፣ የሚሠራው የቀድሞው ክሮም ደግሞ ካልተነገረው በቀር የመስኮቱን ስፋት 800 በ600 ያደርግ ነበር። በዚያ ጥበት ብዙ ገጾች ምናሌያቸውን አጣጥፈው ስለሚደብቁት፣ ቢሮ ውስጥ የነበረው ቁልፍ ሰርቨር ላይ «ይጠፋል»።

የመጨረሻው መግለጫው ነው፤ እዚህ ላይ የእኛው ቋንቋ የራሱን ፈተና ይጨምራል። ሰው ኤለመንቱን በጽሑፉ መፈለግ ይወዳል፦ «የውጭ ምንዛሪ» የሚል ርእስ ያለውን ፈልግ። ገጹ ላይ የተጻፈው ግን «የውጪ ምንዛሬ» ነው። አንባቢ ልዩነቱን ልብ አይለውም፤ ለማሽኑ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ሀ፣ ሐ እና ኀ የየራሳቸው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ተገቢም ነበር። ግን «ዓመት» ብሎ የጻፈ ስክሪፕት «አመት»ን በፍጹም አያገኝም፤ ዩኒኮድ ፊደላትን የሚያስተካክልበት ሥርዓትም እነዚህን አንድ አያደርጋቸውም። ስለዚህ በጽሑፍ ሳይሆን፣ ካለ በአይዲ (ለኤለመንቱ በተሰጠው መለያ) ፈልጉ። ከብራውዘሩ የተገለበጠ ረጅም መንገድም አያዋጣም። «ሦስተኛው ሳጥን፣ ሁለተኛው ረድፍ» ብላችሁ የጻፋችሁት፣ ባንኩ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ አናቱ ላይ የመልካም ምኞት ሰሌዳ ሲሰቅል አራተኛው ይሆናል።

እንግዲህ ሮቦት የሚለይ ገጽ የለም ወይ? አለ። ይህን ብክድ የሙያ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። የዌብድራይቨር ስታንዳርድ ራሱ ብራውዘሩ በመሣሪያ ሲነዳ ይህንኑ ለገጹ እንዲናገር ያዛል፤ ናቪጌተር ዌብድራይቨር የሚባለው ምልክት «እውነት» ይሆናል፤ ገጹ ከፈለገ አንብቦ እንደ መሰለው ያደርጋል። እንዲህ ያለ ክልከላ ሲገጥም ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሌላ ገጽ ነው፦ «ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ» የሚል፣ ወይም 403 የሚል ቁጥር። አብዛኛውን ጊዜ አልሁ እንጂ ሁልጊዜ አላልሁም። ገጹን ሙሉ ልኮ ውሂቡን ብቻ የሚያስቀር ሰርቨር ሊኖር ይችላል፤ ከውጭ አገር ሲከፈት የተለየ ነገር የሚያሳይም አለ። እነዚህን በስህተት መልእክቱ ብቻ መለየት አይቻልም፤ የኔትወርክ ምዝግቡን ከፍቶ ሰርቨሩ ምን እንደመለሰ ማየት ይጠይቃል። እኔም «ማንም ባንክ ማንንም አይከለክልም» አላልሁም። ያልሁት ያ ቀይ ጽሑፍ ክልከላን አያረጋግጥም ነው። ደግሞም የገጹ ባለቤት በአጠቃቀም ደንቡ «በማሽን አትልቀሙ» ካለ ክርክሩ የቴክኒክ መሆኑ ይቀራል።

እንግዲህ ስክሪፕታችሁ «አላገኘሁም» ሲላችሁ፣ በዚያችው በወደቀባት ቅጽበት የገጹን ፎቶና በዚያ ሰዓት የነበረውን ኤችቲኤምኤል እንዲያስቀምጥላችሁ ሁለት መስመር ጨምሩበት፤ የአይፍሬሙና የሻዶው ዶሙ ይዘት በዚያ ኤችቲኤምኤል ውስጥ እንደማይወጣ አትርሱ። ሰው ስትጠይቁም፣ ዜና ስትጽፉም የስህተቱን ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን ፎቶውንና ኤችቲኤምኤሉን አብራችሁ አቅርቡ።