የነርሲንግ አሠራርን የሚለውጥ ጥናት ስታቲስቲካዊ ዘዴው ሊመረመር ይገባል

የነርሲንግ አሠራር በጥናት ላይ ተመሥርቶ ሲለወጥ፣ ውጤቱ የተገኘበትን የስታቲስቲክስ ዘዴ አስቀድሞ መመርመር የሕሙማንን ሕይወት የሚመለከት ጉዳይ ነው። በፅኑ ሕሙማን ክፍሎች የተካሄደው የደም ስኳር ቁጥጥር ለዚህ ማሳያ ይሆናል።

እ.ኤ.አ በ2001 በቤልጂየም ሉቨን ከተማ በ1 ሺህ 548 ሕሙማን ላይ ተካሂዶ ይፋ የሆነ ጥናት፣ የደም ስኳርን በኢንሱሊን ከ80 እስከ 110 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ማቆየት በክፍሉ የሚደርሰውን ሞት ከ8 ወደ 4 ነጥብ 6 በመቶ እንደቀነሰ አመለከተ። በርካታ ሆስፒታሎች አሠራሩን ተቀበሉ፤ ደም በተደጋጋሚ የመመርመሩና ኢንሱሊኑን የማስተካከሉ ሥራም በአብዛኛው የነርሶች ሆነ።

ቁጥሩ ሐሰት አልነበረም። ይሁንና ጥናቱ በአንድ ሆስፒታል የተወሰነ፣ አብዛኞቹ ሕሙማንም የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ነበሩ። ከሁሉም በላይ ጥናቱ መልካም ውጤት በመታየቱ ከታቀደው ጊዜ አስቀድሞ ቆሟል። እንዲህ የሚቋረጥ ጥናት፣ ቁጥሩ በአጋጣሚ ከፍ ባለበት ወቅት ሊቆም ስለሚችል ጥቅሙን አጋኖ ሊያሳይ ይችላል።

እ.ኤ.አ በ2009 ይፋ የሆነውና 6 ሺህ 104 ሕሙማንን ያሳተፈው ናይስ ሹገር የተሰኘ ጥናት ተቃራኒውን አሳየ። በ90 ቀናት ውስጥ ጥብቅ ቁጥጥር ከተደረገላቸው 27 ነጥብ 5 በመቶ፣ ከሌሎቹ 24 ነጥብ 9 በመቶ ሞተዋል። የደም ስኳራቸው ለአደጋ በሚያሰጋ መጠን የወረደው ደግሞ 6 ነጥብ 8 በመቶ እና 0 ነጥብ 5 በመቶ ነበሩ።

ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሁለቱም ጥናቶች የተለመደውን የ0 ነጥብ 05 መመዘኛ ማለፋቸው ነው፤ መመዘኛው ብቻውን ሊዳኛቸው አልቻለም። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር በዚያው ዓመት ለአብዛኞቹ ፅኑ ሕሙማን ከ140 እስከ 180 ያለውን መጠን መክሯል።