የስጦታ ጋቢ ዋጋ ከጥለቱ ነው ወይስ ከማጉ?

ገዢው “በእጅ የተሠራ” ይላል፤ ፈታይዋ ግን ከሒሳቡ ውጭ ናት

ከእንጦጦ ግርጌ ባለው የሽሮ ሜዳ ገበያ ጋቢ ሊገዛ የሚመጣ ደንበኛ ብዙ ጊዜ ለራሱ የሚገዛ አይደለም። ለአባቱ ነው፣ ለአማቱ ነው፣ ለአራስ እህቱ ወይም ውጭ አገር ለሚኖር ወንድሙ ነው። ይህ ጠባይ የጋቢን ንግድ ከሌላው የልብስ ንግድ ይለየዋል። ለራሱ ሸሚዝ የሚገዛ ሰው ርካሽ ይፈልጋል፤ ለአባቱ ጋቢ የሚገዛ ሰው ግን ርካሹን ይፈራል። ስለዚህም ከዋጋው በፊት “በእጅ የተሠራ ነው ወይ?” ብሎ ይጠይቃል። ነጋዴውም “አዎን” ይላል። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ሙሉ እውነት ነው ለማለት ግን ያስቸግራል።

ጋቢው በእጅ መሸመኑ እርግጥ ነው። ክሩ በእጅ ስለ መፈተሉ ግን የጠየቀም የመለሰም የለም። የስጦታው ገበያ ትልቁ ጥያቄ ያለው ደግሞ እዚህ ላይ ነው።

የሁለት ሰው ሥራ

እንደሚታወቀው ሸማ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ በልማዱ ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል። ጥጡ መጀመሪያ ይዳመጥና ፍሬው ይወጣል። ከዚያ በደጋን እየተነደፈ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው በእንዝርት ተፈትሎ በልቃቂት ይጠቀለላል። ሸማኔው በበኩሉ ድሩን አድርቶ፣ እግሩን ከጉድጓዱ አስገብቶ፣ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ እያመላለሰ ማጉን ያስገባል። የጨርቁ ወርድ ክንዱ ከሚደርስበት ስለማያልፍ ጋቢ በአንድ ወርድ አይወጣም፤ ወርዶቹ ጎን ለጎን ተሰፍተው በአራት ድርብ ይታጠፋሉ። በመጨረሻ ዘርፉ ይቋጫል።

ከዚህ ሁሉ ሥራ ጊዜ የሚበላው ፈትሉ ነው። ሸማኔ አንድ ጋቢ በቀናት ይጨርሳል። ለዚያው ጋቢ የሚሆን ማግ በእንዝርት ለመፍተል ግን፣ ያውም ከቤት ሥራ ጋር እያፈራረቁ፣ ሳምንታት ያልፋሉ። የድሮዋ እናት ልጇን ስትድር የምታለብሰውን ጋቢ ፈትል ከብዙ ወራት በፊት ጀምራ የምታጠራቅመው በዚህ ምክንያት ነበር። ፈትሏን ለሸማኔ ሰጥታ የምትከፍለው የሽመናውን ዋጋ ብቻ ነበር፤ የራሷን ጉልበት ሒሳብ ውስጥ አታስገባም። ስጦታውም እሱ ነበር።

ሥራው ከቤት ወጥቶ ገበያ ሲገባ ይህ ያልተከፈለ ጉልበት ዋጋ ሊወጣለት ይገባ ነበር። አልወጣለትም። በሽሮ ሜዳ ሱቅ ፊት ለፊት የሚደረገውን ክርክር ልብ ብሎ ያዳመጠ ሰው ገዢው የሚከራከረው ስለ ጥለቱ መሆኑን ይረዳል። ጥለቱ ሰፊ ነው ወይስ ጠባብ፣ ቀለሙ ደማቅ ነው ወይስ ደብዛዛ፣ የዘንድሮ ነው ወይስ የአምና ይባላል። ጥለት በዓይን ይታያል፣ በፎቶግራፍም ያምራል፤ ስለዚህ ዋጋ ይጨምራል። ሰውን የሚያሞቀው ግን ጥለቱ አይደለም፣ ማጉ ነው። በእጅ የተፈተለ ማግ ልል ሆኖ ስለሚከረር በውስጡ አየር ይይዛል፣ በታጠበ ቁጥርም እየለሰለሰ ይሄዳል። አባት ጋቢውን ተከናንበው በብርድ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ የሚያውቁት ይህን ነው። ገንዘቡን የከፈለው ልጅ ግን ለሌላ ነገር ከፍሏል።

ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉስ?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማጥራት ያስፈልጋል። ዛሬ በገበያ ላይ ያለ ጋቢ ድሩ የፋብሪካ ክር መሆኑ ጉድለት ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ድር ሲወጠር መበጠስ የለበትም፤ እንደ እድገትና አደይ አበባ ያሉ የክር ፋብሪካዎችም ለሸማኔው ገበያ ሲያመርቱ የኖሩት ለዚህ ነው። ሸማኔዎችም ይህን መንገድ ከያዙት ብዙ አሥርት ዓመታት ሆኗቸዋል። ልዩነቱን የሚፈጥረው ማጉ ነው። ማጉም የፋብሪካ ከሆነ ጨርቁ ለስላሳና እኩል ይሆናል፣ ቶሎ ይሸመናል፣ ታጥቦም ቶሎ ይደርቃል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ሸማኔ በእጁ ስለሸመነው “የእጅ ሥራ” ይባላል፤ ከፈትል ጋቢ ጎን ተሰቅሎም በአንድ ስም ይሸጣል።

ገበያው ራሱ ልዩነቱን አሳምሮ ያውቃል። ነጋዴዎችና ደላሎች እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ፈትል፣ መነን፣ ሳባ እያሉ ለይተው ይጠራሉ። ልዩነቱን የማይሰማው ከደጅ የሚመጣው ገዢ ብቻ ነው። ለእሱ ሁሉም “ጋቢ” ነው።

ለመለየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ጨርቁን ዘርግቶ ወደ ብርሃን ቢይዙት በእጅ የተፈተለው ማግ አንዱ ቦታ ወፍሮ ሌላው ቦታ ቀጥኖ ይታያል፤ የማሽኑ ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። ሰው ሠራሽ ክር ተቀላቅሎበታል ብሎ የጠረጠረ ከዘርፉ አንድ ክር መዝዞ ክብሪት ይለኩስበት። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ይቀልጥና ደርቆ እንደ ዶቃ ይጠጥራል። ጥለቱ ቀለም ይለቅ እንደሆነ ደግሞ ነጭ ጨርቅ አርጥቦ ማሸት ይበቃል። ይህን ሲያደርጉበት የሚቆጣ ነጋዴ ካለ ከሱቁ መውጣት ነው።

ምንዛሪው የከፈተው በር

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ 58 ብር አካባቢ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ይህ ለውጥ የጋቢን ገዢ ለሁለት ከፍሎታል። ደመወዙ በብር የሆነው የአዲስ አበባ ልጅ ለአባቱ ጋቢ ለመግዛት ደጋግሞ ያስባል። ከዋሽንግተን ወይም ከለንደን የመጣው ወንድሙ ግን ያንኑ ጋቢ በዶላር ሲያሰላው ይረክስበታል። ለዚህ ገዢ ዋናው ችግር ዋጋው አይደለም፤ የገዛው ምን እንደሆነ አለማወቁ ነው። ፈታይዋ የሚገባትን ብታገኝ ልዩነቱን ለመክፈል አቅሙ አለው፤ የሚጠይቀውና የሚነግረው ግን አላገኘም።

የፈትል ዋጋ ባልጨመረ መጠን ፈታይ ትቀንሳለች። በአብዛኛው እንዝርት የያዙት በዕድሜ የገፉ ሴቶች ናቸው፤ ልጆቻቸው በቀን ሥራም ሆነ በጉሊት የተሻለ ያገኛሉና ሙያውን ቢተዉ የሚፈረድባቸው አይሆንም። ነጋዴው ወገን ይህን እንደ ቅርስ ጉዳይ ብቻ ካየው ይሳሳታል። ነገሩ የአቅርቦት ጉዳይ ነው። የፈትል ጋቢ የሚሠራለት ማግ ያጣ ሸማኔ የፋብሪካውን ይሸምናል፤ ያን ጊዜ በሽሮ ሜዳው ጋቢና ከውጭ በሚገባው የፋብሪካ ብርድ ልብስ መካከል የሚቀረው ልዩነት ጥለቱ ብቻ ነው። ጥለትን ደግሞ በማሽን ማተም ይቻላል።

በሌላ መንገድ መሄድ እንደሚቻል ያሳዩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ የተቋቋመው ሳባሃር በእጅ የተፈተለ ጥጥና ሐር እያሸመነ ወደ ውጭ ይልካል፤ ፈትሉንም እንደ አንድ የሽያጭ ምክንያት ለገዢው ይናገራል። ይህን ለማድረግ ትልቅ ካፒታል የግድ አይደለም። በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ “ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ በእጅ የተፈተለ” ብሎ ጽፎ ጋቢው ላይ ማንጠልጠል ለማንኛውም ቸርቻሪ ይቻለዋል።

ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስብ ባለሀብት ሊዘነጋው የማይገባ ሌላ ጉዳይ አለ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ የጋሞ ደጋ ሸማኔዎች ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ኖረዋል፤ ሙያውም በልጅነት የሚለመድ ነው። ከዚሁ ጋር ሕፃናትን ከወላጅ አስኮብልሎ አምጥቶ ከሽመና ጉድጓድ የማዋል ድርጊት መኖሩ በተደጋጋሚ ተጠንቷል። የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር በሕፃናትና በግዳጅ ጉልበት የሚመረቱ ዕቃዎችን በሚመዘግብበት ዝርዝር ውስጥ የኢትዮጵያ የእጅ ሽመና ጨርቅ ገብቷል። ጠንቃቃ የውጭ ገዢ ስለ ጥራት ከመጠየቁ በፊት የሸማኔውን ዕድሜ ይጠይቃል። ላኪውም ጉድጓዱ ድረስ ሄዶ ያላየውን ጨርቅ “ንጹሕ ነው” ብሎ ቢፈርም ጣጣው የራሱ ነው።

ትራስም አለ

ከጋቢ ቀጥሎ በእጅ ተሠርቶ ለወዳጅ የሚሰጠው ትራስ ነው። በብዙ ቤት ከሙሽራዋ ዕቃ ውስጥ አይጠፋም ነበር፤ ዳሩ በኪሮሽ ዳንቴል የተሠራለት፣ መሐሉ ላይ አበባ ወይም “መልካም እንቅልፍ” የሚል ጥልፍ ያለበት የትራስ ልብስ። ውስጡ የሚሞላው ጥጥ ነበር። ሲጠጥር ፍራሽ አዳሽ ከመንገድ ተጠርቶ ጥጡን ፈትቶ፣ አፍታቶ፣ መልሶ ይሰፋዋል። ስፖንጅ ከመጣ ወዲህ ጥጡም ፍራሽ አዳሹም ገበያቸው ቀዝቅዟል። ቢሆንም የእናት ፍራሽ ጥጥ ተፈታትቶ ለልጅ ልጅ ትራስ ሲሆን የሚያህለው ስጦታ የለም፤ ወጪውም የአዳሹ የእጅ ዋጋና አንድ አዲስ ልብስ ብቻ ነው።

አሁን የሚሸጠው ትራስ መልኩን ቀይሯል። የሽሮ ሜዳ ልብስ ሰፊዎች ከቀሚስ የተረፈ ጥለትና ቁራጭ ሸማ እየገጣጠሙ የሶፋ ትራስ ልብስ ይሰፋሉ። ጨርቁ ትርፍራፊ ስለሆነ ወጪው አነስተኛ ነው፤ የሚያስከፍለው የስፌቱ ጥራት ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግን በልክ ምክንያት ነው። ለሶፋ በብዛት የሚፈለገው 45 በ45 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ የአሜሪካ መደበኛ የአልጋ ትራስ 51 በ66 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በአውሮፓ ደግሞ 50 በ70 የተለመደ ነው። በዓይን ግምት የተሰፋ ልብስ ባሕር ተሻግሮ ሳይገባ ይቀራል፣ መላሽም የለውም። ከዚህም ሌላ የተሞላ ትራስ መላክ ከንቱ ድካም ነው። ለመንገደኛ በሚፈቀደው 23 ኪሎ ሻንጣ ውስጥ ቦታውን የሚበላው ክብደቱ ሳይሆን እብጠቱ ነውና ልብሱን ልኮ ሙሌቱን እዚያው እንዲገዙ መንገር ይሻላል።

ጋቢ ለላከም የሚነገር አለ። በእጅ የተፈተለ ጥጥ በፈላ ውኃና በማሽን ማድረቂያ ይሸበሸባል፣ ያጥራል። ሲያትል ወይም ፍራንክፈርት ያለ ሰው ከእናቱ የመጣለትን ጋቢ ከጂንሱ ጋር አብሮ ማድረቂያ ውስጥ ቢጨምረው ከአንድ ቀን በኋላ ለልጅ የሚሆን ጋቢ ያገኛል። በለብ ያለ ውኃ ለብቻው ታጥቦ ተዘርግቶ ይድረቅ የሚለው ቃል ከነጋዴው ቢወጣ ምንም አያስወጣም፤ በየሱቁ ግን እምብዛም አይሰማም።

መቼ ይታዘዝ?

የጋቢ ፈላጊ በሁለት ወቅት ይበዛል። አንደኛው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ክረምቱም ይበርዳል፣ ከውጭ የመጣው እንግዳም ይመለሳል። ሁለተኛው ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያለው የሠርግ ሰሞን ሲሆን፣ ከፋሲካ በኋላም ሠርጉ ይቀጥላል። በመካከሉ መስከረም አለ። ለጋሞ ሸማኔ መስቀል የዓመቱ ትልቁ በዓል ነው፤ ወደ ዶርዜና ወደ ጨንቻ ወጥቶ ከዘመድ ጋር ያከብራል። በዚያ ሰሞን ብዙ ጉድጓድ ባዶ ይሆናል። ባለሱቁ ያን ጊዜ የሚሸጠው ቀድሞ ያስቀመጠውን ነው፤ ያላስቀመጠም ያገኘውን ይሸጣል፤ የፋብሪካ ማግ ለፈትል የሚያልፈው ይህን በመሰለ የእጥረት ጊዜ ነው።

ስለሆነም ለጥር ሠርግ ለአማቹ የፈትል ጋቢ የሚፈልግ ሰው ታኅሣሥ ላይ ሱቅ ለሱቅ መዞሩ አያዋጣውም። ሸማኔው በመስቀል ወደ አገሩ ከመሄዱ በፊት ቀብድ ሰጥቶ መነጋገር፣ ማጉን ለብቻው፣ ሽመናውን ለብቻው መዋዋል ያስፈልገዋል። ክረምቱን የምትፈትል ሴት ያገኘ እንደሆነ ደግሞ ባዘቶውን ራሱ ገዝቶ ቢሰጣት፣ የፈትሏንም ዋጋ ከእርሷው ጋር ቢነጋገር፣ ሸማኔው ከጨንቻ ሲመለስ ልቃቂቱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።