የበጀት ትምህርት ለወጣቶች

የበጀት ትምህርት ለወጣቶች ማለት ልጆች ከወላጆቻቸው ቤት ወጥተው ራሳቸውን ችለው ከመኖራቸው በፊት ገቢያቸውን ከወጪያቸው ጋር ማመዛዘን እንዲችሉ የሚሰጣቸው ሥልጠና ነው። በአብዛኛው የሚሰጠው በቤት ውስጥ፣ በወላጅ ወይም በአሳዳጊ ነው።

ዕድሜና ሕግ

በኢትዮጵያ ሕግ አንድ ሰው ለአካለ መጠን የሚደርሰው 18 ዓመት ሲሞላው ነው። ከዚያ በኋላ የኪራይም ሆነ የብድር ውል በራሱ ስም ይፈርማል፤ ዕዳውም የራሱ ይሆናል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ግን ከ15 ዓመት ጀምሮ መቀጠር ይቻላል። በመካከል ያሉት ዓመታት ለትምህርቱ አመቺ ናቸው፤ ወጣቱ በገንዘቡ ቢሳሳትም ማደሪያና ምግብ አያጣም።

ገቢ

በጀት የሚሠራው እጅ በሚገባው ገንዘብ እንጂ በቅጥር ደብዳቤ ላይ በተጻፈው ደመወዝ አይደለም። ለምሳሌ ደመወዙ 8,000 ብር ከሆነ ሠራተኛ 7 በመቶው፣ ማለትም 560 ብር፣ ለጡረታ ይቆረጥበታል፤ የሥራ ግብርም ይቀነሳል። ገቢው በየወሩ የሚለዋወጥ የቀን ሠራተኛ ወይም ነጋዴ ደግሞ ዝቅተኛ ገቢ ያገኘበትን ወር መነሻ ማድረግ ይኖርበታል።

ወጪ

ወጪ በሦስት ይከፈላል፦

- ቋሚ፦ የቤት ኪራይ፣ የዕቁብ መዋጮ
- ተለዋዋጭ፦ አስቤዛ፣ ትራንስፖርት፣ የስልክ ካርድ
- አልፎ አልፎ የሚመጣ፦ በዓል፣ ልብስ፣ ሕክምና፣ ሠርግና ለቅሶ

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሦስተኛው ነው። ለዚህ የዓመቱ ድምር ተገምቶ ለ12 ይካፈላል፤ 6,000 ብር ቢሆን በየወሩ 500 ብር ይቀመጣል።

በኢትዮጵያ ጳጉሜን ልዩ ትኩረት ትሻለች። የወር ደመወዝ በዓመት 12 ጊዜ ስለሚከፈል፣ በነሐሴ መጨረሻ የተቀበሉት ገንዘብ እስከ መስከረም መጨረሻ ለ35 ወይም ለ36 ቀናት መብቃት አለበት። በዚሁ ጊዜ እንቁጣጣሽ፣ መስቀልና የትምህርት ቤት ወጪ ይደራረባሉ።

የመጀመሪያው ወር

ከቤት የሚወጣ ወጣት ከመግባቱ በፊት የሚከፍለው አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ስለዚህ ለ3,000 ብር ክፍል እስከ 6,000 ብር ሊጠየቅ ይችላል። ፍራሽ፣ ምድጃና ድስት ሲጨመሩ ወጪው ከአንድ ወር ደመወዝ ሊያልፍ ስለሚችል፣ ቁጠባው የሚጀመረው ከመውጣት በፊት ነው።

ዕቁብ

ዕቁብ ለመቆጠብ ይረዳል፤ ሆኖም የዕጣው ተራ ትርጉሙን ይለውጠዋል። 10 ሰዎች በየወሩ 500 ብር ቢያዋጡ ዕጣው 5,000 ብር ነው። መጨረሻ የደረሰው ሰው ገንዘብ አጠራቅሟል፤ መጀመሪያ የደረሰው ግን ገና 4,500 ብር ይቀርበታል። ለእርሱ ዕቁቡ እንደ ብድር ነው።

የማስተማሪያ መንገድ

ኃላፊነቱ በደረጃ ይሰጣል። በ13 ዓመት ገደማ ለሳምንት የሚበቃ የኪስ ገንዘብ፣ በ15 ገደማ ትራንስፖርትንና ደብተርን ጨምሮ የወር ገንዘብ፣ በ17 ገደማ ደግሞ የቤተሰቡን የሳምንት አስቤዛ መግዛት ይለማመዳል። ወጪ በደብተር ይመዘገባል፤ በቴሌብር ለተከፈለው የሚላከው አጭር መልእክት እንደ ማስረጃ ያገለግላል።

ገንዘቡ ቀድሞ ሲያልቅ ወላጅ ወዲያው ከተካው ልጁ የገንዘብን ወሰን አያውቀውም። ይሁን እንጂ ምግብ፣ መድኃኒትና ወደ ትምህርት ቤት መሄጃ ለማስተማሪያ ሲባል አይከለከሉም።

የበጀት ወሰን

በጀት ያነሰ ገቢን አያበዛም። ኪራይና ምግብ ብቻ ገቢውን ከጨረሱት ቀሪው አማራጭ ከደባል ጋር መከራየት፣ ተጨማሪ ሥራ መፈለግ ወይም ከቤት መውጣቱን ማዘግየት ነው። ይህን ከውል በፊት በወረቀት ላይ ያየ ወጣት፣ ከፈረመ በኋላ በዕዳ ከሚያየው ይልቅ ምርጫ ይኖረዋል።