ጥርስ ማስነቀል ያስፈራዎታል? በጾም ወቅት ማወቅ የሚገባዎት

በረመዳን ጥርሱን የታመመ ሰው ሁለት ስጋት ይደራረብበታል፤ «ሕመሙን እችለው ይሆን?» እና «ጾሜስ ይፈርስ ይሆን?» የሚሉት ናቸው። በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በሻምቡም ሆነ በደምቢ ዶሎ «ዒድ ይለፍና እታከማለሁ» የሚል አይጠፋም። ያመረቀዘ ጥርስ ግን ዒድን አይጠብቅም፤ እብጠቱ ወደ መንጋጋና ወደ አንገት ሊዛመት ይችላል።

ፍርሃቱን የሚያቀለው ዕውቀት ነው። ከወለጋ በስተደቡብ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ልዩ ልዩ ቀዶ ሕክምና ሲጠባበቁ በነበሩ 239 ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ ከመቶ 70ው ከፍተኛ ጭንቀት እንደነበረባቸው አሳይቷል። ከባለሙያ በቂ መረጃ ያገኙት ጭንቀታቸው ያነሰ ነበር። ታካሚዎቹ ራሳቸው ያረጋጋናል ካሉት ውስጥ ከሌሎች ታካሚዎች ጋር መነጋገርና ሃይማኖታዊ እምነት ቀዳሚዎቹ ነበሩ።

የጾሙን ጥያቄ በተመለከተ፣ ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 በጅዳ ባደረገው 10ኛ ጉባኤ፣ ወደ ጉሮሮ የሚሄደውን ከመዋጥ እስከተጠነቀቁ ድረስ ጥርስ መንቀልና ማጽዳት ጾም እንደማያፈርስ ወስኗል። ምግብነት የሌለው የሕክምና መርፌም እንዲሁ ነው። ሕመሙ የጸናበት ሰው ደግሞ አፍጥሮ በሌላ ጊዜ ቀዷ ማውጣት ተፈቅዶለታል።

ስለ ሕክምናው ደግሞ ይህን ይወቁ። የማደንዘዣው መርፌ ለአፍታ ይወጋል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቦታው ይደነዝዛል። ሲነቀል የመገፋት ስሜት ይኖራል። የሚያም ከሆነ እጅዎን ያንሱ፤ ማደንዘዣ ይጨመርልዎታል። ከዚያ በኋላ ጎዙን ለግማሽ ሰዓት ያህል ነክሰው ይቆዩ። ለ24 ሰዓት አፍዎን በኃይል አይጉመጥመጡ፤ በውዱእ ጊዜም ውኃውን በቀስታ ያዙሩት፤ አለበለዚያ የረጋው ደም ሊነሳ ይችላል። አመሻሽ ላይ ከተነቀለልዎ በኢፍጣር ሰዓት ከንፈርዎ ገና ደንዝዞ ሊሆን ስለሚችል፣ ትኩስ ሾርባና ሳምቡሳ አያስቸኩልዎት።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። የላይኛውን ጥርስ ማስነቀል ዓይን ያጠፋል የሚለው ወሬ እውነት አይደለም፤ አታስተላልፉት። እናት ወይም አያት የሚቀናቸው አፋን ኦሮሞ ከሆነ ማብራሪያው በዚያው እንዲሰጣቸው ጠይቁ። ልጅን «አያምም» ብላችሁ አትዋሹት፤ የሚሆነውን በአጭሩ ንገሩት፣ ዕቃውንም ባለሙያው ያሳየው።

ለባለሙያው ደግሞ ጾመኛ መሆንዎን፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለብዎ፣ የሚወስዱትንም መድኃኒት አስቀድመው ይንገሩ። የመድኃኒቱን ሰዓት ከኢፍጣርና ከሱሑር ጋር ማስማማት ይቻል እንደሆነ የሚወስነው እሱ ነው።