ከቤተ ሰቡ የመጀመሪያው ተማሪ
በአሜሪካ ኮሌጆች ለድኾችና የመኖሪያ ወረቀት ለሌላቸው ተማሪዎች ስለሚደረገው ርዳታ

በአገራችን የቆሎ ተማሪ የሚባለውን የማያውቅ አንባቢ የለም። ይህ ተማሪ ከእናት ከአባቱ ቤት ወጥቶ፣ ደበሎ ለብሶና አኮፋዳ አንግቶ፣ ዘመድ ወደሌለው አገር ይሄዳል። ከሰው ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ ባለቤቲቱ የማን ልጅ እንደሆነ ሳትመረምር ቍራሽ ታወጣለታለች። ማታ ደግሞ ከእርሱ ቀድሞ የገባው ታላቅ ተማሪ ቀለሙን ያስጠናዋል። በዚህ ሥርዐት ውስጥ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ፤ እነርሱም የሚበላ ምግብ፣ መንገዱን የሚያውቅ ታላቅ፣ የትውልድ ምርመራ ሳይደረግ መማር ናቸው። ዛሬ በአሜሪካ ኮሌጆች ስለ ድኻ ተማሪዎች የሚደረገው ክርክር ቢመረመር፣ በእነዚሁ በሦስቱ ነገሮች ላይ ሆኖ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ በአጭሩ ማስረዳት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

፩. የመጀመሪያው ተማሪ ማን ነው?

በአሜሪካ ሕግ «የመጀመሪያ ትውልድ ተማሪ» የሚባለው አባቱም እናቱም የባችለር ዲግሪ ያልጨረሱ ተማሪ ነው። ይህ ትርጓሜ ቀላል ይምሰል እንጂ ሁሉን አይሸፍንም። ለምሳሌ ከአዲስ አበባ ዲግሪ ይዞ ወደ ዋሽንግተን የተሰደደና ታክሲ በመንዳት የሚኖር አባት ቢኖር፣ ልጁ በሕጉ ትርጓሜ የመጀመሪያ ትውልድ ተማሪ አይባልም። ነገር ግን ይህ አባት የአሜሪካን ኮሌጅ አሠራር፣ የማመልከቻውን ጊዜና የርዳታውን ፎርም የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው፣ ልጁን ለመምራት ካልተማረው ጎረቤቱ ብዙ አይሻልም። ስለዚህ የችግሩ ሥር ዲግሪ ማጣት ብቻ ሳይሆን መንገዱን አለማወቅ ነው።

አንድ ትንሽ ነገር ለማስረጃ ይበቃል። በአሜሪካ ኮሌጆች እያንዳንዱ መምህር በሳምንት ውስጥ በቢሮው ተቀምጦ ተማሪዎችን የሚቀበልበት ሰዓት አለው። ወላጆቹ ኮሌጅ የገቡ ተማሪ ይህ ሰዓት ለእርሱ የተመደበ መሆኑን ከቤቱ ተምሮ ይመጣል። የመጀመሪያው ተማሪ ግን መምህሩ ለራሱ ሥራ የለየው ሰዓት ይመስለውና ደጁን ሳያንኳኳ ዓመቱ ያልፋል። በይሉኝታ ያደገ የእኛ አገር ልጅ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብስበታል፤ ታላቅን ያለ ጉዳይ ማስቸገር ነውር ነው ተብሎ አድጓልና። እንግዲህ የእንዲህ ያለው ተማሪ ዝምታ ስንፍና ወይም ኩራት እንዳይደለ መምህራን ሊያውቁት ይገባል።

፪. ስለ ገንዘብ ርዳታ

የአሜሪካ መንግሥት ለድኻ ተማሪዎች በሰፊው መርዳት የጀመረው በ1960ዎቹ ዓመታት ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የከፍተኛ ትምህርትን ሕግ በኅዳር ወር 1965 የፈረሙት ራሳቸው በተማሩበት በሳን ማርኮስ ኮሌጅ፣ በቴክሳስ ነበር። እኒህ ሰው በወጣትነታቸው በኮቱላ ከተማ የሜክሲኮ ተወላጆች የሆኑ ድኻ ሕፃናትን አስተምረው ነበር። ቀጥሎም በ1972 ዛሬ «ፔል ግራንት» የሚባለው የማይመለስ ርዳታ ተቋቋመ፤ ይህንም ስም በ1980 ያገኘው ከሴናተር ክሌይቦርን ፔል ነው። በ2024–25 የትምህርት ዘመን የርዳታው ከፍተኛ መጠን በዓመት 7,395 ዶላር ነበር።

ነገር ግን ልምድ እንደሚያስረዳው የትምህርት ክፍያ ብቻ መሸፈን አይበቃም። ተማሪው ለአውቶቡስ የሚከፍለው፣ መጽሐፍ የሚገዛበትና ምሳ የሚበላበት ሲያጣ ትምህርቱን ትቶ ሥራ ይገባል። የኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርስቲ በ2007 ለሁለት ዓመት ኮሌጆቹ የጀመረው «ኤሳፕ» የተባለው ዕቅድ ይህንን የተረዳ ነው። በዚህ ዕቅድ ተማሪው ሙሉ ጊዜውን ለትምህርት እንዲሰጥ ይገደዳል፤ በለውጡም ርዳታው ያልሸፈነው የትምህርት ክፍያ ይሞላለታል፣ የመጓጓዣና የመጽሐፍ ወጪ ይሰጠዋል፣ ጥቂት ተማሪዎችን ብቻ የሚይዝና ዘወትር የሚያነጋግረው አማካሪ ይመደብለታል። ተማሪዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ በተደረገው ጥናት፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ከዕቅዱ ተማሪዎች ከመቶ 40 ሲመረቁ፣ ዕቅዱን ካላገኙት የተመረቁት ከመቶ 22 ብቻ ሆነው ተገኙ። ከዚህ የምንረዳው ገንዘቡና መሪው በአንድነት ሲሰጡ ብዙ ፍሬ እንደሚያፈሩ ነው።

፫. የመኖሪያ ወረቀት ስለሌለው ተማሪ

ከሁሉ የከበደው ችግር የዚህ ተማሪ ነው። ወላጆቹ በሕፃንነቱ ይዘውት ገብተው ይሆናል፤ ወይም የተሰጣቸው የቪዛ ጊዜ አልፎባቸው ቀርተው ይሆናል። እርሱ ግን ያደገው እንደ ጓደኞቹ ነው።

የቴክሳስ ግዛት በ1975 ባወጣው ሕግ ለእንዲህ ያሉ ሕፃናት ትምህርት ገንዘብ እንዳይሰጥ ከለከለ፤ በታይለር ከተማም የትምህርት ቤቱ አስተዳደር ከእያንዳንዱ ሕፃን በዓመት 1,000 ዶላር እንዲከፈል ጠየቀ። ነገሩ እስከ አገሪቱ የበላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በሰኔ ወር 1982፣ በ5 ዳኞች ድምፅ በ4 ላይ፣ ሕጉ ተሻረ። የፍርዱ ዋና ምክንያት ልጅ በወላጁ ሥራ ሊቀጣ አይገባም የሚል ነበር። ነገር ግን ይህ ፍርድ የሚጠብቀው እስከ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ፍጻሜ ድረስ ያለውን ተማሪ ብቻ ነው። ስለዚህ በአሥራ ስምንት ዓመቱ፣ ጓደኞቹ የኮሌጅ ማመልከቻ ሲሞሉ፣ እስከ ትናንት ክፍት የነበረው በር ይዘጋበታል። ብዙዎች ወረቀት እንደሌላቸው ከወላጆቻቸው የሚሰሙትም በዚሁ ጊዜ ነው።

የማዕከላዊው መንግሥት ርዳታ፣ ማለት ፔል ግራንትም ሆነ ብድሩ፣ ለእርሱ አይፈቀድም። ጥገኝነት ጠይቆ ገና ውሳኔ የሚጠባበቅም ሰው ይህን ርዳታ አያገኝም፤ ጥገኝነት የተፈቀደለት ግን ያገኛል። ይህም ልዩነት በአሜሪካ ላሉት ወገኖቻችን ብዙ ትርጕም አለው።

በግዛቶቹ ዘንድ ያለው ሕግ የተለያየ ነው። በ2001 ቴክሳስና ካሊፎርኒያ በግዛታቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ተምሮ የጨረሰ ሁሉ እንደ ግዛቲቱ ነዋሪ አነስተኛውን ክፍያ እንዲከፍል ፈቀዱ። ደቡብ ካሮላይና ግን በ2008፣ አላባማም በ2011፣ ወረቀት የሌላቸው ተማሪዎች በመንግሥት ኮሌጆች እንዳይገቡ ከለከሉ። በጆርጂያም የተመረጡት የመንግሥት ዩኒቨርስቲዎች በተዘጉባቸው ጊዜ፣ መምህራንና ሌሎች ሰዎች በ2011 «ፍሪደም ዩኒቨርስቲ» የተባለ ያለ ክፍያ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አቋቋሙ። የቴክሳስ ሕግ ለ24 ዓመታት ከሠራ በኋላ በሰኔ ወር 2025፣ የማዕከላዊው መንግሥት በመሠረተው ክስ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቀረ።

በ2012 የታወጀው «ዳካ» የተባለው ትእዛዝ ለአያሌ ወጣቶች ለሁለት ሁለት ዓመት የሚታደስ የሥራ ፈቃድ ሰጥቷል። ትእዛዙ ግን ከሰኔ 15 ቀን 2007 ጀምሮ በአገሪቱ ውስጥ መኖርን ይጠይቃል። ዛሬ ኮሌጅ የሚገባው የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት በዚያን ጊዜ ገና አልተወለደም፤ ወይም የታቀፈ ሕፃን ነበር። ስለዚህ ታላቅ ወንድሙን ያዳነው ሕግ እርሱን አይደርስለትም።

በተቃዋሚ ወገን ያሉት ሰዎች «ሕግን ለጣሰ የሚሰጥ ርዳታ ከዜጋው አፍ የተነጠቀ ነው» ይላሉ። ይህ ክርክር ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባውም። ነገር ግን የካሊፎርኒያ ሕግ መለኪያ ያደረገው በግዛቱ መማርን ስለሆነ፣ ከሌላ ግዛት የመጣ ዜጋም መለኪያውን ካሟላ በዚያው ይጠቀማል፤ የግዛቱም የበላይ ፍርድ ቤት በ2010 ሕጉን አጽንቶታል። ከዚህም ሌላ እስከ ሁለተኛ ደረጃ በሕዝብ ገንዘብ ያስተማሩትን ወጣት በደጅ ማስቀረት፣ ዘርቶ አጭዶ እህሉን በአውድማ ላይ እንደ መተው ነው።

፬. ኮሌጅ ምን ሊያደርግ ይችላል?

አንደኛ፣ አማካሪው ሕጉን ይወቅ። ቅን ልብ ብቻ አይበቃም። የማያውቅ አማካሪ ወረቀት የሌለውን ተማሪ «ዜጋ ነኝ» በሚለው ቦታ ላይ ምልክት እንዲያደርግ ቢመክረው፣ በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት ተማሪው ወደፊት የመኖሪያ ፈቃድ የማግኘት ተስፋውን ሊያጣ ይችላል። ለትምህርት ወደ ውጭ አገር እንዲሄድ ቢያበረታታውም ተመልሶ እንዳይገባ ያስከለክለው ይሆናል። በአንጻሩ ተማሪው ራሱ ዜጋ ሆኖ ወረቀት የሌላቸው ወላጆቹ ብቻ ከሆኑ፣ ርዳታ ለመጠየቅ መብት እንዳለው ሊነገረው ይገባል፤ የርዳታው ፎርም የወላጆችን የመኖሪያ ሁኔታ አይጠይቅምና። ቢሆንም ቤተ ሰቡ ከሚፈራው ነገር ጋር አመዛዝኖ እንዲወስን እንጂ እንዲገደድ አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ ኮሌጁ የማያስፈልገውን አይጠይቅ፣ አይጻፍም። በ1974 የወጣው የተማሪዎች መዝገብ ሕግ መዝገቡ ያለ ተማሪው ፈቃድ ለሌላ እንዳይሰጥ በጠቅላላው ይከለክላል፤ ነገር ግን የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲመጣ ሊወጣ ይችላል። ያልተጻፈ ነገር ግን ከየትም አይወጣም።

ሦስተኛ፣ ርዳታው ከማሳፈር የራቀ ይሁን። የቆሎ ተማሪ ልመና የማያሳፍረው ቃሉ የተወሰነና ሁሉም የሚለው ስለሆነ ነው። እንዲሁም ምግብና መጽሐፍ የሚሰጥበት ቢሮ ለሁሉም ተማሪ የተከፈተ ሲሆን፣ ድኻው ተለይቶ ሳይታይ ይገባል።

መደምደሚያ

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በእኛም ክፍሎች ውስጥ ከቤተ ሰባቸው መጀመሪያ ሆነው ከገጠር የመጡ ብዙዎች አሉ። በ2019 በወጣው የስደተኞች አዋጅ መሠረትም፣ በአገራችን ጥገኝነት ያገኙ ስደተኞች የከፍተኛ ትምህርት በር ተከፍቶላቸዋል። ገንዘብ መስጠት ለእኛ ለተማሪዎች ባይቻለንም፣ መንገዱን ማሳየት ግን ይቻለናል። ስለዚህ ለዐዲስ ገቢ ተማሪዎች የኮሌጁን ቃላትና ቢሮዎች የሚያስረዳ ሁለት ገጽ ጽሑፍ በአማርኛ እንዲዘጋጅ፣ እያንዳንዱም ነባር ተማሪ አንድ ዐዲስ ገቢ ወደ አንድ መምህር ቢሮ ይዞ እንዲሄድ አሳስባለሁ። ያ ደጅ አንድ ጊዜ ከተንኳኳ ሁለተኛውን ጊዜ ብቻውን ያንኳኳዋል።